ከውኃው ጉድጓድ ወዲያ ያሉት ቤቶች

ስልኩ ሲጠራ መኪናዬን ከሥራ ቦታዬ ጓሮ ፓርክ አድርጌ ዳዊቴን እየደገምኩ ነበር። ያለፈው ታኅሣሥ ነው፣ በነቢያት ጾም። ሺፍት ከመግባቴ በፊት የዕለቱን ካላደረስኩ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ድስት ረስቼ የወጣሁ ይመስለኛል። የደወለችው ሮዝ ነበረች። ሮዝ በጠዋት ደውላልኝ አታውቅም። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ደፍቼ ስልኩን አነሳሁ።

«ማማ ሞተች» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት። ነርሷ አሁን ነገረችኝ።»

«እግዚኦ» አልኩ። ሮዝ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ገባት።

የሚያጽናና እንግሊዝኛ ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ። «እስከ መጨረሻው ስም ስትጠራ ነበር አለችኝ። የብዙ ሰው ስም። እየቃዠች መስሏቸዋል። ቅዠት አልነበረም፣ አይደል?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ የት ደርሳ ነበር? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የት ደርሳ ይሆን?»

እኔ ግን አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ማማ ኔይቶክ የሮዝ እናት ናቸው። እዚህ ላስ ቬጋስ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሎንድሪ ውስጥ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። አገራቸው ማርሻል ደሴቶች ይባላል፤ በትልቁ ውቅያኖስ መካከል እንደ ፍርፋሪ የተበተነ አገር ነው። የአገሩ ሰው በሙሉ ተጠራርቶ ቢመጣ የዚህን ከተማ አንድ ጥግ አይሞላም። የእሳቸው ደሴት ደግሞ ከፍርፋሪዎቹም ትንሿ ናት። በአንድ ወገን የሚጮኸው ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ጸጥ ያለ ባሕር፣ በመካከል አንድ መንገድ። በመንገዱ አንድ ጫፍ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ በሌላው ጫፍ ጀልባ የሚቆምበት፣ እኩሌታው ላይ የውኃ ጉድጓድ። አለቀ፤ አገሩ ይኸው ነው።

በእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም «ዩ» ነው። እኔ ግን በልቤ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው ብጽፍ ደስ ይለኛል።

ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ጸጉራቸው ላይ የዛጎል ማበጠሪያ ይሰካሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ «ማሽን ውስጥ ይገባል» እያለ ያስወልቃቸዋል፣ እሳቸውም ዞር ሲል መልሰው ይሰኩታል። «አዎ» ለማለት ቅንድባቸውን ብድግ ያደርጋሉ፤ ቃል የለም። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» እላለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለታችን አፋችንን ሳንከፍት ግማሽ ቀን ተስማምተን እንውል ነበር።

ሥራችን ማሽኑ የማያጥፋቸውን ሰፋፊ የግብዣ ጠረጴዛ ልብሶች ማጠፍ ነው። የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ከወዲያ አንዷ ከወዲህ ጫፍ ይዘን እናራግፋለን፣ እንጠጋጋለን፣ ጫፍ ለጫፍ እንሰጣጣለን፣ ደግሞ እንራራቃለን። ማማ በተጠጉኝ ቁጥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔም ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እያልኩ ስለምሠራ፣ ጸሎተኛ ከጸሎተኛ ተገጣጠምን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«የምን ጸሎት ነው የሚያደርሱት?»

«ጸሎት አይደለም» አሉኝ። «ሰው ነው።»

ደሴታቸውን እየዞሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ይነሡና ቤት በቤት ይሄዳሉ። አባት፣ እናት፣ ልጆች በዕድሜ ተራ፤ ቀጥሎ ከዚያ ቤት ወጥተው የሄዱት፣ ከሄዱበት አገር ጋር። የሞተ ሰው አይዘለልም፤ ስሙ ይጠራና አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይባላል። በሩ የተቸነከረ ቤት ሲደርሱ ደግሞ የታጠፈውን ጨርቅ በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ እንደሚያንኳኳ ሰው። የአገሩ ሁሉ ልማድ እንዳይመስላችሁ፤ የእናታቸው ነው። እናታቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውሉ ሴት ነበሩ፤ እሑድ ማን እንደቀረ ለማወቅ ብለው የጀመሩትን ለልጃቸው አወረሱ።

«መንግሥት አይቆጥራችሁም?» አልኳቸው።

«ይቆጥራል። በጀልባ ይመጡና ቆጥረው ይሄዳሉ። ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው ይቀራል፤ እዚህ አሜሪካ፣ አርካንሳስ ያለው ይቀራል። እነሱ የሚቆጥሩት ያገኙትን ነው፣ እኔ የምቆጥረው የእኛን ነው።»

የቆሸሸውን ጨርቅ በጋሪ የሚገፋልን ግዛው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ቀልደኛ ነው። ባለፈ ቁጥር ሳይነካን አይሄድም።

«ማማ፣ ዛሬስ ደሴቱ ሞላ? ማርያምን፣ የእኛ ሰፈር እድር ይበልጣችኋል እኮ!»

እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። እድር ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው በጣም ወደዱት። ከዚያ ወደ ግዛው ዞር አሉ።

«ያንተ አገር ባሕር ነው። አንድ ጭልፋ ቢቀዳለት አይታወቀውም። የእኔ አገር ኩባያ ነው። አንተ ስትሞት ማን ያውቃል?»

«እናቴ» አለ ግዛው።

«እሷ ከሞተችስ?»

ግዛው ሳቀና ጋሪውን ገፍቶ ሄደ። ግን ከምሳ በኋላ ተመልሶ በጆሮዬ «ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ።

የማርሻል ሰዎች በሁለቱ መንግሥታት ውል ያለ ቪዛ አሜሪካ ገብተው መሥራት ይችላሉ። ይህን የሰማ ቀን ግዛው ራሱን ይዞ ነበር። «ሎተሪ ሳይደርሳቸው? ምናለ እኛም ደሴት በሆንን!» ማማ ግን አልሳቁም። «በር ሲከፈትልህ ደስ ይልሃል» አሉ፤ «ቤቱ ባዶ የሚሆነው በዚያው በር ነው።»

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚመናመን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባሉት ቤቶች ገና ሰው አለ። ወደ ጉድጓዱ ስንጠጋ «ሃዋይ፣ አርካንሳስ፣ አርካንሳስ፣ ቬጋስ» የሚለው ይበዛል። አንድ ቤት አለ፣ አያትና የልጅ ልጆች ብቻ የቀሩበት፤ በመካከል ያሉት በሙሉ አርካንሳስ የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ያለው ቤት ሽማግሌው ብቻቸውን። ቀጥሎ መታ መታ። ውቅያኖሱ በማዕበል ጊዜ መንገዱን ተሻግሮ ጉድጓዱን ጨው አድርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበት ያለው ሁሉ ሄዷል። የሚወለደው ሌላ አገር ይወለዳል፣ የሚሞተው ግን እዚያ ይሞታል።

ከጉድጓዱ ወዲያስ? ከጉድጓዱ ወዲያ ያሉትን ቤቶች እኔ አልሰማኋቸውም። ጠዋት ጠዋት ሎንድሪው ጸጥ ይላል። ማማ ጉድጓዱ ጋ የሚደርሱት ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ከምሳ በኋላ ትልልቆቹ ማድረቂያዎች ይነሣሉ፤ እነሱ ከተነሡ እንኳን ሰው ነጎድጓድም አይሰማ። ከንፈራቸው ሲሄድ፣ ጣታቸው መታ መታ ሲያደርግ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ስለዚህ ከዚያች ደሴት ግማሿን በቃሌ አውቃታለሁ፤ ግማሿ በማድረቂያ ድምፅ ተሸፍና ቀረች።

ሚና የተወለደችው ከወረርሽኙ በፊት በነበረው ታኅሣሥ ነው። የሮዝ ልጅ ናት፤ አባቷ የለም። ማማ በደስታ ሎንድሪውን ሁሉ አቀፉ። በማግስቱ ጨርቅ ስናጥፍ ቀልጄ «ዛሬ አንድ ሰው ጨመሩ!» አልኳቸው።

ቅንድባቸው አልተነሣም።

«ገና ናት» አሉ። «ዓመት ሲሞላት ነው የምትገባው።»

እዚያ አገር ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ትልቅ ድግስ ነው፤ ከሠርግ አያንስም። በድሮ ጊዜ ብዙው ዓመት አይደርስም ነበርና። የእናታቸው ደንብ ደግሞ ከዚያ በፊት ሕፃን ስሙ በቆጠራው አይገባም የሚል ነው።

«በእኛም አለ» አልኳቸው። «ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። ያኔ ነው የክርስትና ስም የምታገኘው።»

«ሰማንያ ቀን!» አሉና ሳቁ። «እናንተ ሰው ስለማያልቅባችሁ ትቸኩላላችሁ።»

ከዚያ ብዙ ጨርቅ አጠፍን። ሲጠጉኝ፣ ጨርቁ በመካከላችን እንዳለ፣ ከሮዝ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልደው እንደነበር ነገሩኝ። ዓመቱ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አሳማው ለድግሱ ታስሮ ሳለ ሞተ። ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩኝ፤ እሳቸው ያልጠሩትን እኔ እዚህ አልጽፈውም።

«ያልገባ አይወጣም» አሉኝ። «ስለዚህ ከሙታኑም ጋር አልጠራውም። የትም የለም።»

«ታዲያ ሚናን አሁን ያስገቧት! ማን ይከለክልዎታል?»

«ለእሷ ደንቡን ካፈረስኩ ለእሱ ለምን አላፈረስኩም?»

ጫፉን ተቀበልኳቸውና ሌላ ጨርቅ አነሣን።

መጋቢት ላይ ካዚኖዎቹ በሙሉ ተዘጉ፣ ሎንድሪውም ተዘጋ። ያ የመብራት ከተማ ሲጨልም ያላየ ሰው ቢነግሩትም አይገባው። ማማና ሮዝ ከአየር ማረፊያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ነበሩ፤ ሮዝ ሮድስ ራንች በሚባል ሰፈር የሰው ቤት ታጸዳ ነበርና ባለቤቶቹ «ለጊዜው አትምጪ» ብለዋታል። በፍልሰታ አንድ ቀን ምስር ወጥ ሠርቼ ወሰድኩላቸውና ከደጃፉ ራቅ ብዬ ቆሜ ስናወራ፣ ጭንብል ያደረገ የመንግሥት ሕዝብ ቆጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ላብ አጥምቆታል።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«ሁለት» አሉ ማማ። «እኔና ልጄ።»

ይህን ጊዜ ሚና ከውስጥ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ቆጣሪው ቀና አለ። «የሕፃን ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ?»

«አዎ፣ ሕፃን አለች።»

«ስለዚህ ሦስት።»

«ሁለት» አሉ ማማ፣ በትዕግሥት፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው።

ሮዝ ሚናን በጎኗ እንዳቀፈች ወጣች። «ማማ! ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው! አሜሪካዊት ናት! እነሱ እንኳ ሊቆጥሯት በር ድረስ መጥተው አንቺ…» ቀልድ አልነበረም፤ ለካ እስከዚያ ቀን በሆዷ ይዛው ኖሯል። «የአንቺ አይደለችም?»

ማማ ልጃቸውን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ሕፃኗን ተቀብለው አቀፉና ጠጉሯን አሸተቱ። «በታኅሣሥ» አሉ። «እኔ ራሴ አስገባታለሁ። እስከዚያ ለእነሱ ሦስት በይ።»

«እመቤቴ፣ ሦስት ብዬ ልያዘው?» አለ ቆጣሪው ተጨንቆ።

ቅንድባቸውን ብድግ አደረጉ። አልገባውም፤ ቆሞ ይጠብቃል።

«አዎ ማለታቸው ነው» አልኩት።

በዚያው ቀን ለመንኳቸው። «ከጉድጓዱ ወዲያ ያሉትን ቤቶች ይንገሩኝ፤ ጊዜ አለን፣ ማድረቂያ የለም።» እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። «እጄ ባዶ ሲሆን አይመጣልኝም። ሥራ ስንመለስ።»

በመከር ተመለስን። ግን ሌላ ሥራ ሆኖ ጠበቀን። ሱፐርቫይዘሩ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስምሮ «ከእንግዲህ ሁለት ሰው አንድ ጨርቅ አይይዝም» አለ። ግብዣ የለም፣ ትልቁ የጠረጴዛ ልብስም የለም። ለየራሳችን ትንንሽ የእጅ ጨርቅ ተሰጠን። ማማ ከወዲያ ማዶ፣ ጭንብላቸው ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አያለሁ። መታ መታ ሲያደርጉ ብቻ የት እንደደረሱ እገምታለሁ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ አተነፋፈሳቸው ከበደ። አምቡላንስ ወሰዳቸው፣ ሮዝ ከሆስፒታሉ በር ተመለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ አገኘኋቸው፤ በየቃሉ መካከል ኦክስጅኑ ይሰማል።

«እሑድ» አሉኝ። «እሑድ… ሚና ትገባለች።»

«ድነው አብረን እናስገባታለን፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ከጉድጓዱ ወዲያ… አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም። አሁን ይንገሩኝ፣ እየሰማሁ ነው።»

«እጄ ባዶ ነው» አሉኝ እንደገና፣ እንደሚያፍር ሰው።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። «የአልጋው አንሶላ አለ አይደል? ጫፉን ይያዙት። ያንን ጫፍ እኔ ይዤዋለሁ።» ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀብሎ «ማረፍ አለባቸው» አለኝ።

ሚና ዓመት የሚሞላት እሑድ መጣ። ሮዝ ሚናን ነጭ ቀሚስ አልብሳ፣ ስልኩን ከፊቷ አቁማ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። ከሆስፒታሉ ማንም አልደወለም፤ ፎቁ ሞልቶ ነበር፣ በማንም አልፈርድም። ሚና ኬኩን በእጇ ዛቀችው። ሰኞ ጠዋት ማማ ሞቱ።

አስከሬናቸውን ወደ ደሴታቸው መውሰድ አልተቻለም፤ አገራቸው ለወረርሽኙ ብላ በሯን ዘግታ ነበር። እዚሁ ቀበርናቸው፣ ባሕር በሌለው አሸዋ ውስጥ። ግዛው መጥቶ ነበር። አፈሩን ሲመልሱ አጠገቤ ቆሞ «እኔ አውቄያለሁ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር።

ሮዝ ደሴታቸው ላይ ላሉት አክስቷ ደወለች። አክስትየው አለቀሱና «እዚህ ያለነውን እናውቃለን፤ የሄዱትንና የሄዱት የወለዷቸውን የምታውቀው ኔይቶክ ብቻ ነበረች» አሉ። እኔ ደግሞ ቄሳችን ጋ ሄድኩ። «ከእኛ ሃይማኖት አይደሉምና በፍትሐት አላነሣቸውም፤ በግል ጸሎትሽ ግን ማን ከለከለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት ዳዊቴን ስጨርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቼ ቤት በቤት እሄዳለሁ። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ መንገዱ ይጠፋብኛል። ሮዝ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና ትሰማለች፤ ዝም ስል «ቀጥይ» ትለኛለች። ምን እቀጥላለሁ?

የእነ ማማ ቤት የመጨረሻው ነው፣ ጀልባ የሚቆምበት። ሚና የመጨረሻው ቤት የመጨረሻ ሰው ናት። ማማ መንገዱን ከጨረሱ ገብታለች፤ ካልጨረሱ እንደ አጎቷ የትም የለችም። ሮዝ ይህን በግልጽ አትለውም። ሚናን ስታስተኛ ግን ፊቷን እያየች «ገብተሻል? ገብተሻል እንዴ?» ስትላት ሰምቻታለሁ።

ሆስፒታሉ ደወልኩ። «ዘመድ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኩ፤ መዋሸት አልቻልኩም። ለሮዝ የደወለችው ነርስ ከሌላ ስቴት ለጊዜው የመጣች ነበረች፤ ተመልሳ ሄዳለች። ነገር ግን ለሮዝ አንድ ነገር ነግራት ነበር፤ ሮዝ ከሐዘኑ ብዛት የነገረችኝ ከቀብሩ ብዙ ቆይታ ነው። ማማ ሊነጋጋ ሲል የአንሶላውን ጫፍ ይዘው እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ነበር። ክፍሉን ልታጸዳ የገባች ሴት መጥረጊያዋን አቁማ የአንሶላውን ጫፍ ተቀብላ ያዘችላቸው። ነርሷ ሌላ በሽተኛ ጋ ሄዳ ስትመለስ ሴትየዋ እንደያዘች ቆማ ነበር። «ኢትዮጵያዊት ናት መሰለኝ» ብላለች።

እህቴ ሆይ፣ አላውቅሽም። አንቺም ሆንሽ በዚያ ሰኞ ንጋት በዚያ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ ነርስም ሁኑ በሽተኛ በአልጋ የምትገፉ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ ብላችሁ ንገሩኝ። ትርጉሙ ባይገባችሁም ግድ የለም። ጣታቸው አንሶላውን መታ መታ ሲያደርግ አይታችሁ እንደሆነ፣ ድምፃቸው የት ላይ እንደቆመ፣ ከመቆሙ በፊት «ሮዝ» የሚል፣ ከዚያም «ሚና» የሚል ስም ሰምታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። ካልሰማችሁም አልሰማንም በሉኝ፤ እኔን ለማጽናናት ብላችሁ ያልሰማችሁትን አትጨምሩ። አንዲት ስም ብቻ ብታስታውሱ፣ ከጉድጓዱ ወዲያ ያለች የማንንም ስም፣ ከዚያች እጀምራለሁ።

አንቺ ጫፉን የያዝሽው፣ በተለይ አንቺን ነው የምለምነው። እኔ ያንን ጫፍ እይዘዋለሁ ብዬ ነበር፤ የያዝሽልኝ ግን አንቺ ነሽ።